ወይዘሮ ለምን እና የአሥራ ሁለት ዓመቱ እቅድ

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ለጠየቃት ሰው «ተኳሽ ነኝ» ትል ነበር፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። ሰውየው ክው ብሎ ከላይ እስከ ታች ሲያያት ትንሽ ታቆየውና «የልብስ» ብላ ትጨምራለች። ብዙ ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ ከአፏ የሰማሁት ቀልድ ግን ይኼ አንዱ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ለማሳቅ ሳይሆን፣ ሰው ሲደነግጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው የምትለው ብዬ እጠረጥራለሁ።

እኔ በዚያው ላውንድሪ ልብስ ተቀባይ ነበርኩ። ባንኮኒው ላይ ቆሜ ደንበኛ ያመጣውን እየዘረጋሁ አያለሁ፣ ኪስ እፈትሻለሁ፣ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ኮሌታው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ከኋላዬ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ማጠቢያ፣ አንድ ማድረቂያ፣ ሲያጉረመርም የሚውል ቦይለር፣ በእንፋሎቱ መሃል ደግሞ እሷ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ሴት። የሱሪ መስመር ስታወጣ ላያት ሰው ጨርቁን የምትተኩሰው ሳይሆን የምትመረምረው ነው የሚመስለው።

ስም ያወጡላት አጣቢዎቹ ናቸው፤ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ደመወዝ ሁለት ቀን ቀድሞ ቢከፈል ሌላው በደስታ ሲፈነጥዝ እሷ «ለምን ቀደመ?» ትላለች። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ለምስጋና ብሎ ኬክ ይዞላት መጣ። ተቀብላ አመሰገነችው። ሰውየው ከበሩ እንደወጣ ግን ኬኩን አስቀምጣ ኮቱን ከመስቀያው አወረደች፤ ሽፋኑን፣ ስፌቱን፣ የውስጥ ኪሱን ሁሉ እንደገና ፈተሸች። «ያበላሸነው ነገር ከሌለ ኬክ ምን አመጣው?» አለችኝ። ያበላሸነው ነገር አልነበረም። ኬኩን እኛ በላነው፤ እሷ አልቀመሰችም።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። አባቷ አናጺ ነበር። አንድ ወዳጁ መንገድ ዳር ያለች ሱቁን ሊሸጥለት ተስማምተው፣ ዓመት በዓመት ትንሽ ትንሽ እየከፈለ አሥር ዓመት ቆየ። ወረቀት አልነበራቸውም፤ በወዳጅ መሃል ወረቀት ነውር ነው ብለው ያመኑ ሰዎች ናቸው። ክፍያው ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ወዳጁ ሞተ። እሷ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷን ተከትላ ወደ ሟቹ ልጆች ቤት ሄደች። ግቡ እንኳን አላሏቸውም። በር ላይ አቁመው «ስለዚህ ነገር የሰማነው የለም» አሏቸው። አባቷ ከዚያ ቀን በኋላ ሥራውን አልተወም፤ ስለ ነገ ማውራት ነው የተወው። ነገ ምን እናደርጋለን ሲሉት «ነገ ሲመጣ እናየዋለን» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እሷ ግን ከዚያ በር ላይ ሁለት ነገር ይዛ ተመለሰች። አንደኛው ነገን ማቀድ እንዳለባት ነው። ሁለተኛው ማንንም ማመን እንደሌለባት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላት በአንድ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ አሥራ ሁለት መስመር አሰመረች። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር። የመጀመሪያው ላይ «እድፍ» ብላ ጻፈች፤ ቀለም፣ ዘይት፣ ደም፣ ዝገት ከየትኛው ጨርቅ በምን እንደሚለቅ ማወቅ ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ «ቦይለር»። አራተኛው ላይ «መንጃ ፈቃድ»፣ ሰባተኛው ላይ ለሴት ልጇ «የልጅቷ ትምህርት ቤት»። እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርድና አሥራ ሁለተኛው ላይ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «የራሴ»። ደመወዝ በተቀበለችበት ቀን ቤት ሳትገባ ባንክ ትገባለች። ሂሳቧ ሁለት ነው፤ አንዱ ለእቅዱ፣ ሌላው ለክፉ ቀን። አንዱ ሌላውን እንዲነካው አትፈቅድም።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሳቂታ፣ ነገር የማያከብድ ሰው። «እኔ ሚስት ያገባሁ መስሎኝ ከፕላን መሥሪያ ቤት ጋር ነው የምኖረው» እያለ ይቀልድባታል። በስድስተኛው ዓመት ከመሰላል ወድቆ እግሩ ተሰብሮ አምስት ወር ሲተኛ፣ የክፉ ቀኗ ሂሳብ ቤቱን ከነኪራዩ ተሸክሞ አሻገራቸው። የእቅዱን አልነኩትም። ከዚያ ወዲህ ባልየው መቀለዱን ባይተውም ድምፁን ቀንሶ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። ሥራ በገባሁ በዓመቴ አንድ ቀን ወደ ባንኮኒው መጣችና በሹክሹክታ «በሚቀጥለው ወር ሌላ ላውንድሪ ልገባ ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። አልተናገርኩም። ወሩ መጣ፣ ሄደ፤ እሷ የትም አልሄደችም። ለካ ፈተና ኖሯል። ወሬው ወደ ባለቤቱ ጆሮ ይደርስ እንደሆነ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ስታጠና ከርማለች። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በጣም ተናደድኩ። «እንኳን አለፍሽ» አለችኝ፣ ውለታ እንደዋለችልኝ ሰው። እቅዱን ያሳየችኝም ያን ፈተና ካለፍኩ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዘጠነኛው ዓመት ልምጣ።

የላውንድሪው ባለቤት አዛውንት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ሲቆጡም ሲያመሰግኑም ያው ናቸው። ሕንጻውም ላውንድሪውም የራሳቸው ነው። አንድ ጠዋት እሷን ወደ ትንሿ ቢሯቸው ጠሯት። ቢሮውን ከእኔ ባንኮኒ የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ሳልፈልግ እሰማለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ፈልጌም እሰማለሁ።

«ልጄ፣ እኔ ደክሞኛል» አሉ። «ልጆቼ ይህን ሥራ አይፈልጉትም። ላውንድሪውን ላንቺ ልሰጥሽ አሰብኩ። ማሽኖቹን፣ ደንበኛውን፣ ስሙን፣ ሁሉንም ትገዢኛለሽ፤ ቤቱን ደግሞ በትንሽ ኪራይ ለአሥር ዓመት አከራይሻለሁ። ዋጋውን አላከብድብሽም።»

ዋጋውን ነገሯት። እኔ ከዚህ በኩል አፌን በእጄ ያዝኩ። ርካሽ ነው። በእቅዱ ሂሳብ ካላት ጋር ሊገጥም ምንም ያህል አልቀረውም።

እሷ «ለምን አሁን ጋሼ?» አለች።

«አልኩሽ እኮ፣ አርጅቻለሁ።»

«ካረጁ ቆዩ እኮ።»

ጋሼ ሳቁ። «ሌላ ፈላጊ አለ» አሉ። «ግን አንቺን አስቀደምኩ። በሁለት ሳምንት አሳውቂኝ።»

ስትወጣ ፊቷ ላይ የደስታ ጭላንጭል እንኳን አልነበረም። «ሦስት ዓመት ቀድሞ ደረሰልሽ እኮ!» አልኳት።

«እሱ ነው ያስፈራኝ» አለች። «እቅዱ የእኔ ነው። ከእኔ ቀድሞ ማን አሮጠው?»

ባልየው ሲሰማ ዘለለ። ከሁሉም በላይ የተደሰተችው ግን ታናሽ እህቷ ናት። ይህች እህት በአንድ የእንግዳ ማረፊያ የአንሶላና የፎጣ ክፍል ኃላፊ ነች፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ በሁለት ቃል ከሰው የምትግባባ። በማግስቱ ላውንድሪው ድረስ መጥታ «እትዬ፣ የጎደለሽን እኔ ልሙላ፤ ሸሪክ እንሁን» አለቻት። እሷም «አስብበታለሁ» ብላ ሸኘቻትና ወደ እኔ ዞራ «ለምን ቸኮለች?» አለች።

እዚህ ላይ የእኔ ጥፋት አለ። በዚያው ሳምንት እህትየዋን ሁለት ጊዜ ከጋሼ ጋር አይቻታለሁ፤ አንድ ጊዜ በጓሮ በር በኩል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሲነጋገሩ። በሁለተኛው ቀን ጋሼ በጣታቸው አየር ላይ ቁጥር ሲጽፉ እሷ ማስታወሻ ስትይዝ ነበር። ያየሁትን ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት እንጃ። ከወይዘሮ ለምን ጋር ብዙ የቆየ ሰው ዓይኑም እንደ እሷ ይሆናል መሰለኝ።

ያን ስትሰማ ካውያውን አቆመችው። በሥራ ሰዓት ካውያ ስታቆም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን እንደ ሸሚዝ ትተኩስ ጀመር፤ እያንዳንዷን ጥግ፣ እያንዳንዷን እጥፋት። መጀመሪያ ያስተዋለችው ሳሙናውን ነው። ጋሼ ሁልጊዜ ፈሳሽ ሳሙና የሚገዙት በበርሜል ነበር፣ ይረክሳል ብለው። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ግን በጀሪካን ሆኗል። ቀጥሎ ቦይለሩን። በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ የሚፈትሸው ሰውዬ ዘንድሮ አልመጣም፤ ስልክ ደውላ ስትጠይቀው «ዘንድሮ አትምጣ ብለውኛል» አላት። ከጎናችን የነበረው ጫማ ሰፊ ደግሞ ባለፈው ወር ዕቃውን ጠቅልሎ ወጥቷል። ለምን ወጣህ ሲሉት «ቦታ ልቀይር ብዬ ነው» ነበር ያለው። ሃያ ዓመት የሠራበትን ቦታ!

አንድ ከሰዓት ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። በሕንጻው ማዕዘን ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ «ልብስዎ በአንድ ቀን ይደርሳል»።

«ይህን ማን ያየዋል?» አለችኝ። «ከመንገድ የሚመጣ ሰው አያየውም፤ ከዚያኛው ግድግዳ ጋር ነው ፊት ለፊት የሚተያየው። ለሰው እንዲታይ ካልሆነ ለምን ተሰቀለ?»

ማስታወቂያውን ከታች በኩል አንስታ ከግድግዳው አራቀችው። ከጀርባው፣ ግድግዳው ላይ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ነበር፣ የክንድ ያህል ትልቅ። ከቁጥሩ ጎን የቀስት ምልክት። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም። እሷም አልገባትም፤ ግን ማስታወቂያውን ቀስ ብላ መለሰችና ጣቷ ላይ የቀረውን አቧራ በቀሚሷ ጠረገች።

ቁጥሩን ጽፋ ይዛ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው አሏት። በሁለተኛው ቀን የተሳሳተ መስኮት ላይ ተሰልፋ ግማሽ ቀን ቆመች። በሦስተኛው ቀን እኔም እረፍት ስለነበርኩ አብሬያት ሄድኩ። መዝገብ ክፍል ውስጥ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ ሠራተኛ የጻፈችለትን ቁጥር አየና ከመደርደሪያው የተጠቀለለ ካርታ አውርዶ ዘረጋው።

«መንገድ ነው» አለ። «ይህ ረድፍ በሙሉ ይነሳል። ቢበዛ አንድ ዓመት ተኩል።»

«ባለቤቶቹ ያውቃሉ?»

«ደብዳቤ ከደረሳቸው አምስት ወር አለፈ። ለሕንጻው ካሳ ይከፈላቸዋል።» ቀና ብሎ አያት። «እርስዎ ባለይዞታ ነዎት?»

«ተከራይ ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር» አለች።

ወደ ውጭ ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የተናደደች አልመሰለኝም። ፊቷ ላይ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ጥርጣሬዋ ልክ የሆነላት ሰው የሚያሳየው የደከመ እፎይታ። «ዘጠኝ ዓመቴን» አለች። «በለስላሳ ድምፅ ዘጠኝ ዓመቴን ሊወስዱት ነበር።»

በማግስቱ ጋሼ ቢሮ ገባች። እኔ እንደተለመደው ከኮምፔርሳቶው ወዲህ ነኝ።

«ጋሼ፣ ሳሙና ለምን በጀሪካን መግዛት ጀመሩ?»

«ምን? እ... በርሜሉ ከባድ ነው። ወገቤን ያመኛል።»

«እርስዎ ተሸክመውት አያውቁም። አጣቢዎቹ ናቸው የሚያንከባልሉት።»

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ሲያገላብጡ ሰማሁ።

«ማስታወቂያውን ከማዕዘኑ አንስቼ አየሁት» አለች። «ማዘጋጃ ቤትም ሄጄ ነበር።»

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ጋሼ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፃቸው «ብነግርሽ ትገዢኝ ነበር?» አሉ።

«ማሽኖቹን እገዛ ነበር። እውነቱን ቢነግሩኝ ደግሞ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ አብሬዎት እሠራ ነበር።»

«እኔም ልጆች አሉኝ።»

«የእኔን ልጅ ያውቋታል ጋሼ። ልጅ ሆና እዚህ ቅርጫት ውስጥ ነው የተኛችው።»

«ካልገዛሽ ሌላ ሰው ይገዛዋል።»

«ይግዛ። እኔን ለሚጠይቀኝ ሰው ግን ያየሁትን እነግረዋለሁ።»

ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አሉ፣ ልክ ሻይ አምጪልኝ እንደሚሉት አድርገው።

እዚህ ላይ ብታበቃ ኖሮ ሁላችንም እናጨበጭብላት ነበር። እሷ ግን አንድ ሒሳብ ይቀረኛል አለች። በዚያው ቀን ከሥራ እንደወጣን እኔን ይዛ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ለምን እኔን እንዳስፈለጋት የገባኝ በሩ ላይ ስንደርስ ነው። ምስክር ነበርኩ።

እህትየዋ የመጋረጃ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። ፈገግ ብላ ተነሳች።

«ከሰውየው ጋር ሁለት ቀን ምን ስትመክሪ ነበር?» አለቻት ወይዘሮ ለምን፣ ሳትቀመጥ። «ይህች አይታሻለች። ቤቱ እንደሚፈርስ ታውቂ ነበር? ስንት ሊሰጥሽ ተስማማችሁ?»

የእህትየዋ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን እንደተባለች እስኪገባት ፊቷ ላይ ቆየ። እኔን አየችኝ። መሬቱን አየሁ። ከዚያ ወደ መሳቢያው ሄዳ አንድ ፖስታ አወጣችና ለእህቷ ሰጠቻት። ከእንግዳ ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ላውንድሪውን አዲሷ ባለቤት ስትረከብ የማረፊያው አንሶላና ፎጣ በሙሉ ለሦስት ዓመት እዚያ እንዲታጠብ መፈቀዱን ይገልጻል። እህትየዋ ጋሼ ጋ የሄደችው ማሽኖቹ በቀን ስንት አንሶላ እንደሚችሉ ለመጠየቅ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ይህን ሳያውቅ አልፈርምም ስላላት።

እኔ እዚያው መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወይዘሮ ለምን ግን ወረቀቱን ተቀብላ መጀመሪያ ያየችው ምን መሰላችሁ? ቀኑን። ደብዳቤው መቼ እንደተጻፈ፣ ዛሬ ለማታለያ የተዘጋጀ እንዳይሆን። ዓይኗ ወደ ቀኑ ሲሄድ እኔ አየሁ። እህትየዋም አየች።

«ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ለምን ትያለሽ» አለች እህትየዋ። «ለእኔ ግን ለምን አላልሽም። ፈርደሽ ነው የመጣሽው። ምስክርም ይዘሽ።»

«እኔ...»

«ወረቀቱን መልሺልኝ። ቀኑን አይተሽ ከጨረስሽ።»

ሁለቱ እህትማማቾች ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አልተያዩም።

እቅዱ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። አልቀደደችውም። አሥረኛውን መስመር ሰርዛ ከላዩ «ቤት ውስጥ መተኮስ» ብላ ጻፈች። የሚያውቋት ደንበኞች ሸሚዛቸውን ቤቷ ድረስ ያመጡላት ጀመር፤ ሳሎናቸው በመስቀያ ተሞልቶ ባልየው እራቱን በኮቶች መሃል ተቀምጦ ይበላ ነበር። ባንክ መግባቷን አላቆመችም፤ የምታስገባው ግን አነሰ። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን ቃል አልነካችውም። ከስሩ አንድ መስመር ጨመረች፣ አሥራ ሦስተኛ።

ጋሼ ገዢ አላገኙም። አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ አጣቢዎቹ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሹክ ሲሉት ተመልሶ አልመጣም። ረድፉ ሊፈርስ ሁለት ወር ሲቀረው ጋሼ ማሽኖቹን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጡ መሆኑን ሰማሁና ነገርኳት። ራሷ ሄደች። አንዱን ማጠቢያ፣ መተኮሻ ጠረጴዛውን እና ቦይለሩን ብቻ መረጠች። ቦይለሩን ከጠዋት እስከ ምሳ ፈታ ስትመረምረው ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያይዋታል። ውል በሁለት ቅጂ ተጻፈ፤ እኔ ፈረምኩ።

«ያን ጊዜ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ነበር» አሏት ሲለያዩ።

እሷ እጃቸውን ጨበጠች። እውነታቸውን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልለየንም። እሷ አይደለም ትላለች። እኔ እንጃ።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት የራሷን ከፈተች። ቀድሞ የመኪና ጥገና የነበረ ቤት ነው፤ ወለሉ ላይ የደረቀውን ዘይት ለማስለቀቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። ሳትከራየው በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ካርታውን አስዘርግታለች፤ ምንም መንገድ እንደማይነካው ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉላት አድርጋለች። እኔ ባንኮኒው ላይ ነኝ፤ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀዝቃዛ ነበሩ። ቦይለሩ ከእኛ የበለጠ ያወራ ነበር። አንድ ጠዋት የእንግዳ ማረፊያው መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሰማንያ አንሶላ አወረደና የውል ወረቀት ሰጠን። ከስሩ የፈረመችው እህትየዋ ናት፣ በሥራ ኃላፊነቷ። «ለእህቴ» የሚል ቃል የለውም። ብትዘገዩ ቅጣት፣ ብትቀድዱ ምትክ፣ ጥራት ከጎደለ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል ይላል።

አራት ጊዜ አነበበችው። «ወጥመዱ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«የለውም እትዬ።»

«ሁልጊዜ አለ።»

«አምስተኛ ጊዜ አንብቢው እንግዲህ» አልኩና ተውኳት። ከሰዓት በኋላ ፈረመች።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት አንሶላ ተመለሰብን። ጠርዛቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ዝገት አለች። መጀመሪያ ወይዘሮ ለምን «ሆን ብላ ነው» አለች። አንሶላውን ወደ ብርሃን ወስዳ አየችው፤ ቦይለራችን የተፋው ዝገት መሆኑን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ራሷ አስለቀቀችው፣ ራሷ ተኮሰችው፣ አጣጥፋ ራሷ ይዛው ሄደች። እኔ ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳት፤ ማረፊያው ደርሰን አንሶላ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ።

እህትየዋ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። አንሶላዎቹን ተቀብላ ጠርዛቸውን በጣቷ አስኬደች። «ጸድቷል» አለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለአንሶላው ነው?»

«አይደለም።»

እህትየዋ ደረሰኙ ላይ ማኅተም አደረገች፣ ቀደደች፣ ሰጠቻት። «እሱ ከሆነ ሥራ ቦታ አይሆንም» አለች። «እሁድ ቤት ነይ። ብቻሽን።»

እሁድ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሰኞ ዓይኗ አብጦ መጣች፤ ሠላሳ ሁለት ሸሚዝ ተኮሰች፤ ምንም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የድሮው ዓይነት ፍቅር ወዲያው አልተመለሰም። እህትየዋ ስትመጣ ስለ አንሶላ ነው የሚያወሩት፤ ስለ ክር፣ ስለ ጠርዝ፣ ስለ ሳሙና ዋጋ። ሲሳሳቁ ለመስማት ሌላ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ባለፈው ዓመት ዓይኗን ሞራ ጋረዳት። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል፣ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን እንፋሎት አጠገብ እንዳትደርሺ አላት። መጀመሪያ ሐኪሙን ጠረጠረችው። ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሄደች፤ ያው አላት። ሦስተኛ ጋ ልትሄድ ስትል ባሏ «ሴትዮ፣ ሦስተኛውንማ ማየት አትችይም» አላትና ተስማማች።

ሱቁን ለማን ትተወው? ለእኔ ትሰጠኛለች ብዬ ነበር፤ ከባንኮኒው ሌላ የማላውቅ መሆኔን ግን እኔም አውቃለሁ። እህቷን ጠራቻት። እህትየዋ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ቁልፎቹን በአንድ ቀለበት እንዳሉ አስረከበቻት፤ ምንም መመሪያ አልጨመረችም። ሕክምና ቤቱ ድረስ አብሬያት ስሄድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች።

እህትየዋ አሥራ አንዱን ቀን በሚገባ ሠራች። ደንበኛ አልተቀየመም፣ ልብስ አልጠፋም። አንድ ነገር ብቻ አደረገች፤ መተኮሻ ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጥግ አስነስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ወይዘሮ ለምን ተመልሳ ስትገባ መጋረጃውን ገልጣ ቆመች። የቀድሞውን ቦታ አየች፣ አዲሱን አየች፣ ወለሉ ላይ የቀረውን የብረት እግር ምልክት አየች። አፏን ከፈተች፤ እህትየዋም እኔም ጠበቅን። ከዚያ ዘጋችውና ካውያዋን አንስታ በመስኮቱ በኩል ቆመች። የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ዘርግታ በአዲሱ ዓይኗ ረዘም አድርጋ አየችው።

«እዚህ ስፌቱ ይታያል» አለች።

መተኮሻው አሁንም እዚያው መስኮቱ ጋ ነው።